ግብራችን መሀል ከተማ፣ ወጪያችን ዳር

ከአያት ወደ ለገጣፎ ስትሄዱ ከተማው የቱ ጋ እንዳለቀ አይታወቃችሁም። ቤቱ ይቀጥላል፣ ሱቁ ይቀጥላል፣ ባጃጁም ይቀጥላል። የሚለወጠው የወረዳው ሰሌዳ ነው። ወዲህ አዲስ አበባ፣ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው። ትንሽ አለፍ ስትሉ ኦሮሚያ፣ አዲስ አበባን ዙሪያዋን የከበበው ሸገር ከተማ። ለታክሲ ተሳፋሪ ልዩነቱ ምንም አይደለም። ነገር ግን ለልጃችሁ ትምህርት ቤት፣ ለሠፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በጭቃ ለሚያሰቃየን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ገንዘቡ ከየትኛው ካዝና እንደሚወጣ የሚወስነው ያ ሰሌዳ ነው።

ሰው "መንግሥት አልሠራልንም" ይላል። እውነት ነው፣ ብዙ ያልተሠራ ነገር አለ። ግን የትኛው መንግሥት? በየትኛው ገንዘብ? ይህን ሳናውቅ የማይመለከተውን ቢሮ ስናንኳኳ እንከርማለን። ዳር ላይ የሚኖር ሰው ድህነት የኪሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ወጪው ሌላ ቦታ ይወድቃል፣ መሀል ላይ የሚቀረው ሰው ደግሞ ክፍተቱን ከራሱ አውጥቶ ይሞላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግብርን ይከፋፍላል። አንቀጽ 96 የፌዴራሉን፣ አንቀጽ 97 የክልሎችን፣ አንቀጽ 98 የጋራውን ይዘረዝራል። የጉምሩክ ቀረጥና ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ታክስ ወደ ፌዴራል ይሄዳል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የደመወዝ ግብር፣ የግለሰብ ነጋዴዎች ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የክልል ነው። የኩባንያዎችን የትርፍ ግብር ይካፈሉታል። ትልቁ ገንዘብ በፌዴራሉ እጅ ስለሚሰበሰብ በየዓመቱ ለክልሎች ድጎማ ይላካል፣ የማከፋፈያ ቀመሩንም የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ2016 በጀት ዓመት ከ801.65 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ውስጥ 214 ቢሊዮን ያህሉ ለዚህ የተመደበ ነበር። ከሩብ ትንሽ ከፍ ይላል። ክልሉም የደረሰውን ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ ለወረዳዎቹና ለከተሞቹ ያካፍላል።

አዲስ አበባ ግን ለየት ትላለች። ወጪዋን በአብዛኛው የምትሸፍነው ከራሷ ገቢ ነው። በዚያው በ2016 የከተማዋ በጀት 140 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ይህ ለክልሎች ሁሉ ተብሎ ከተመደበው ድጎማ ሁለት ሦስተኛውን ይጠጋል። ለአንድ ከተማ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባንኩ፣ ኩባንያው፣ አስመጪው፣ ትልልቁ ነጋዴ የተከማቸው እዚያ ነው። በእነዚያ ቢሮዎችና ሱቆች ውስጥ የሚሠራው ሰው ግን የቤት ኪራይ እየገፋው ወደ ዳር ወጥቷል።

እስቲ በአንድ ሰው እንየው። ለገጣፎ ተከራይታ የምትኖር፣ ቦሌ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በካሸርነት የምትሠራ እናት እናስብ። ደመወዟ 8,000 ብር ይሁን። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ በቀረው ላይ በየእርከኑ ሲሰላ በወር 1,150 ብር ይቆረጣል። በዓመት 13,800 ብር መሆኑ ነው። አሠሪዋ ግብሩን ቆርጦ ገቢ የሚያደርገው ድርጅቱ ባለበት በአዲስ አበባ ነው። ልጆቿ የሚማሩት ግን ለገጣፎ ነው። ስትታመም የምትሄደው ለገጣፎ ጤና ጣቢያ ነው። ቆሻሻዋን የሚያነሣው፣ መንገዷን የሚጠርገው፣ ጸጥታዋን የሚያስከብረው የዚያው አስተዳደር ነው። የእሷን ደመወዝ ግብር አላገኘም፣ የእሷን ወጪ ግን ተሸክሟል። አሁን ይህን በየማለዳው ወደ ቦሌ፣ መገናኛና ሜክሲኮ በሚጎርፈው ሰው አባዙት። በሰበታ በኩል፣ በቡራዩ በኩል፣ በሱሉልታ በኩል፣ በገላን በኩል ታሪኩ ያው ነው። ሕዝብ ያለው፣ ግብር የሌለው ከተማ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ላይ የቆጠራው ጉዳይ አለ። በጀት ሲከፋፈል የሕዝብ ብዛት ትልቅ ክብደት አለው። የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ቀጣዩ በ2011 ይካሄዳል ተብሎ ሲጠበቅ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው በትንበያ ነው። ትንበያ ለነባር ከተማ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረውንና ዛሬ ኮንዶሚኒየም፣ ሪል ስቴትና ጨረቃ ቤት የሞላውን ሠፈር ግን በትክክል አያየውም። ያልተቆጠረ ሕፃን የመማሪያ ወንበር አይመደብለትም። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ከሌለ፣ ወረዳው ሐቀኛና ታታሪ ቢሆን እንኳ የሚጠይቅበት መነሻ የለውም።

እሺ፣ ወረዳው ያገኘውን ገንዘብ ምን ያደርገዋል? ከ1994 ጀምሮ ወረዳዎች በራሳቸው የሚያስተዳድሩት የጥቅል በጀት እንዲሰጣቸው ተደረገ። ጥሩ እርምጃ ነበር። ግን አብዛኛው ገንዘብ ደመወዝ ነው። የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ። ይህን የምለው ልነቅፍ አይደለም፤ መምህር ያለ ደመወዝ አያስተምርም። ሆኖም ደመወዝ ተከፍሎ ሲያበቃ ለጠመኔ፣ ለመድኃኒት፣ ለመንገድ ጥገና የሚተርፈው ኢምንት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ወራት በክረምትና በጨረታ ሂደት ያልቃሉ። ከዚያ ሰኔ 30 ሳይደርስ ገንዘቡ ካልተነካ ይመለሳል ተብሎ ግንቦት ላይ ጥድፊያ ይጀመራል። ዝናቡ ሊገባ ሲል ቦዩ የሚቆፈረው፣ ኮብልስቶኑ በጭቃ ላይ የሚነጠፈው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

የጎደለው በምን ይሞላል? በመዋጮ። ይህ ነገር ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ስለ ግብር ስናወራ ማንም አያነሣውም። ትራንስፎርመር ለማስገባት ይዋጣል። ለኮብልስቶን ይዋጣል። ለትምህርት ቤት አጥር፣ ለሠፈር ጥበቃ፣ ለውኃ መስመር ዝርጋታ ይዋጣል። አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም እኩል ነው፤ በቤት ይህን ያህል ተብሎ ይቆረጣል። እንበልና በቤት 3,000 ብር ተባለ። በወር 6,000 ብር ለሚያገኝ ቤተሰብ የወሩ ገቢ ግማሽ ነው። በወር 60,000 ለሚያገኝ ጎረቤቱ የወሩ ገቢ አምስት በመቶ ብቻ ነው። ይህን በግብር ሕግ ጽፎ የሚያጸድቅ ምክር ቤት የለም። የደመወዝ ግብር ሲጣል ቢያንስ አነስተኛው ገቢ ነፃ ይደረጋል፣ ከፍ ሲል መጣኔው ይጨምራል። መዋጮ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ተከራይ ነው። አከራዩ የተዋጣውን ቀስ ብሎ በኪራይ ላይ ይጨምርበታል፤ ድንጋዩ ተነጥፎ ሠፈሩ ሲያምር ደግሞ "አሁን እኮ መንገድ ገብቷል" ተብሎ እንደገና ይጨመርበታል። የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ በ2016 የወጣው እንዲህ ያለውን ጭማሪ ለመግራት ነው፤ ውሉን ሳያስመዘግብ በቃል ለተከራየ ሰው ግን አዋጁ ሩቅ ነው። ሕዝብ ተባብሮ ሠፈሩን ማልማቱን እወዳለሁ፣ እኔም አዋጣለሁ። ድሃውን ከሀብታሙ እኩል ማስከፈሉ ግን ልማት እየተባለ መቀጠል የለበትም።

ወደ መሬቱ እንምጣ። ከተሞቻችን ትልቅ ገንዘብ የሚያገኙት ከሊዝ፣ የከተማ ቦታን ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ከመስጠት ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ቦታ ሲሰጥ ገንዘብ ይገባል። ነገር ግን አንድ ቦታ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። የሊዝ ገቢን ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ ማዋል የዘር እህልን እንደ መብላት ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ዓመት ወጪ ሲመጣ ሌላ ቦታ ያስፈልጋል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ያለው ዳር ላይ ነው፣ ዳር ላይ ያለው ገበሬ ነው።

ገበሬው የሚከፈለው ስንት ነው? መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሳው የመሬቱን የገበያ ዋጋ አያይም። የ1997ቱ አዋጅ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ይሰጥ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ ወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። መሻሻል ነው፣ አልክድም። ግን ስሌቱ የሚነሣው ከጤፍና ከገለባ ነው። ያው መሬት በማግስቱ በካሬ ሜትር ዋጋ ሲወጣ ልዩነቱ የከተማው ነው። ከተማው ያንን ልዩነት መልሶ ለመንገድ፣ ለውኃ፣ ለተነሺው ልጅ ሙያ ማሠልጠኛ ቢያውለው የሚያስኬድ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ገቢ በአንድ ቀን እጁ የገባለት፣ በባንክና በንግድ ያልኖረ ሰው፣ የኑሮ ውድነቱ ብሩን ሲበላበት ያለፈበት ነገር ከባድ ነው። ብዙዎች በቀድሞ ማሳቸው ላይ በተሠራ ግቢ ጥበቃ ሆነው ተቀጥረዋል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ያን ያህል ተቃውሞ ያስነሣው፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶ በጥር 2008 እንዲቀር የተደረገው ሌላ ምንም ቢጨመርበት መነሻው ይህ ሕመም ነው።

አሁን ደግሞ ውኃና ቆሻሻ። ይኸው የእኛ መንገድ ሁለቱንም ያሳያል። ከለገጣፎ አለፍ ስትሉ የለገዳዲ ግድብ አለ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ትልቅ ድርሻ ያለው ውኃ የሚመጣው ከለገዳዲና ከድሬ፣ በቡራዩ በኩል ከገፈርሳ፣ በደቡብ ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። ግድቦቹ ያሉት ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ግድብ አጠገብ መኖር ግን ቧንቧ ያስገባል ማለት አይደለም፤ በቦቴና በጀሪካን ውኃ የሚገዛ ሰው እዚሁ ዙሪያ አለ፣ ለአንድ ጀሪካን የሚከፍለውም ቧንቧ ያለው ሰው ለዚያው ውኃ ከሚከፍለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይኸው መንገድ ወደ ሰንዳፋ ይወስዳል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለአምስት አሥርት ዓመታት የሚጣለው ረጲ፣ ቆሼ ነበር። ሲሞላ ሰንዳፋ አዲስ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ፣ በ2008 ሥራ ጀመረ። ወዲያው የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ሽታው፣ የውኃው መበከል፣ ቃል የተገባላቸው ነገር አለመፈጸሙ። ማስወገጃው ተዘጋ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ፣ ሌላ ቦታ ለመከራየት አቅም የሌላቸው ድሆች ነበሩ። የዚያ አደጋ ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ግን በግልጽ የገንዘብ ጉዳይ ነው፦ አንድ ከተማ ቆሻሻውን ወደ ጎረቤት ሲልክ ጎረቤቱ ምን እንደሚያገኝ፣ በምን ሕግ፣ በየትኛው ዓመታዊ ክፍያ የሚል አስገዳጅ ሥርዓት አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላት ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅና ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰን ጽፏል። ረቂቁ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ለፓርላማ የተላከው በሰኔ 2009፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እስካሁን ሕግ አልሆነም። ይህን ጉዳይ የፖለቲከኞች ጭቅጭቅ አድርገን ብቻ ስለምናየው ያሳዝነኛል። ለዳር ነዋሪ፣ የየትኛውም ብሔር ይሁን፣ ጥያቄው የቧንቧና የቆሻሻ ገንዳ ጥያቄ ነው።

ፋብሪካስ? ሥራ ያመጣል፣ ዳር ያለ ወጣት ሥራ ይፈልጋል። ነገር ግን ለባለሀብት የግብር እፎይታ ይሰጣል፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ አልሚ ለምሳሌ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 10 ዓመት፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ 15 ዓመት ከገቢ ግብር ነፃ እንዲሆን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወስኖ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከተማው የሚያገኘው የሠራተኛው የደመወዝ ግብር ነው፣ የሠራተኛው ደመወዝ ደግሞ አነስተኛ ነው። አምስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚከራዩት ልጆች ውኃም ሽንት ቤትም ሕክምናም ይፈልጋሉ።

ይህን ሁሉ ስል ምንም አልተሠራም ለማለት አይደለም። በአገር ደረጃ ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። መንገዱ፣ ትምህርቱ፣ ጤና ኤክስቴንሽኑ፣ የግብርናው ምርት፣ በ1997 የተጀመረው የገጠሩ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰብ ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠው ድጋፍ) ድርሻ ድርሻ አላቸው። የዓለም ባንክ የድህነት ጥናት እንዳሳየው የሴፍቲኔቱ ክፍያ ብቻውን 1.5 ሚሊዮን ሰው ከድህነት ወለል በላይ አድርጓል። በ2009 ደግሞ የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ተጀመረ፤ 604,000 ሰዎችን ለመድረስ የታሰበ ነበር። ሴቶች በቢጫ ሰደርያ መንገድ ሲጠርጉ፣ ችግኝ ሲተክሉ የምታዩት ይህ ነው። ከሚከፈላቸው የተወሰነውን በግዴታ ይቆጥባሉ፣ ከፕሮግራሙ ሲወጡ ለመነሻ እንዲሆናቸው። የአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባም ቁርስና ምሳ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እየሰጠ ባዶ ሆዳቸውን ይማሩ የነበሩ ልጆችን ክፍል ውስጥ አቆይቷል። እንዲህ ያለውን ወጪ "ምጽዋት" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አልስማማም። ለድሃ የተሰጠ ብር ሠፈር ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ጉልት ላይ ሽንኩርት ይገዛበታል፣ ወፍጮ ቤት ይከፈልበታል፣ ለልጅ ደብተር ይሆናል።

ክፍተቱ ዳር ላይ ነው። የገጠሩ ፕሮግራም ለገጠር ወረዳ ነው፣ የከተማው ለተመረጠ ከተማ። መሬቱ ተወስዶ ሳይፈልግ "ከተሜ" የሆነው ገበሬ ከአንዱ ወጥቷል፣ ሌላው ውስጥ አልገባም። ከክፍለ ሀገር መጥቶ የቀን ሥራ የሚሠራው ደግሞ መታወቂያ የለውም። ምልመላው በቀበሌና በወረዳ ነዋሪነት ስለሆነ በጣም የተቸገረው ሰው ዝርዝሩ ላይ የለም። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥቶ ዳር ኮንዶሚኒየም የደረሰውም ቤት አገኘ፣ ግን ከደንበኛው፣ ከዕድሩ፣ በእግሩ ይሄድበት ከነበረው ሥራ ተለየ፤ የታክሲ ወጪው ብቻውን ገቢውን ይቦረቡረዋል።

መፍትሔ ብዬ የማምንበትን ልናገር። አንደኛው የንብረት ታክስ ነው። ከተሞች ለዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩት የጣሪያና ግድግዳ ግብር መሠረቱ የ1968 አዋጅ ነው። በጥር 2017 የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ብዙ ሰው ሲሰማ ደንግጧል፣ ምክንያትም አለው። እኔ ግን በመርሁ እደግፈዋለሁ። አስፋልት በቤታችሁ ፊት ሲያልፍ የቤታችሁ ዋጋ በእጥፍ ይጨምራል፤ ያ ጭማሪ የተፈጠረው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ከፊሉ በየዓመቱ ቢመለስ ከተማው ሌላ ማሳ ሳያሳድድ መኖር ይችላል። ከዚህም በላይ ይህ ግብር የሚከፈለው ሰው በሚኖርበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ የዚያች ካሸር ከተማ ያጣውን ትንሽ ይክሳል። ሁለት ነገር ካልተሟላ ግን ጉዳት ነው። ቤት ኖሮት ገቢ የሌለው ጡረተኛና ነባር ገበሬ መከላከያ ያስፈልገዋል። የተሰበሰበው ደግሞ በዚያው ሠፈር ምን እንደሠራ መታየት አለበት፣ በብርና በሜትር።

ሁለተኛው፣ አዲስ አበባና ሸገር ለውኃ፣ ለቆሻሻና ለትራንስፖርት የጋራ ፈንድ ያቋቁሙ። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በ2014 ነሐሴ ወሰናቸውን ተነጋግረው ከተስማሙ በገንዘብም መስማማት አይከብድም። ዝናቡ፣ ወንዙና ታክሲው ወሰን አያውቁም። ሦስተኛው፣ መዋጮ በደረሰኝ፣ በገቢ ልክ፣ ድሃው ነፃ ሆኖ ይሁን። ሴፍቲኔቱም ከመታወቂያ ይልቅ ሰውየውን ይከተል።

እስከዚያው በእጃችን ያለ ነገር አለ። ወረዳዎች በጀታቸውን በሰሌዳ ለሕዝብ እንዲለጥፉ የተጀመረ አሠራር አለ፤ የእናንተ ወረዳ ለጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ካልለጠፈ ጠይቁ። ሰሌዳው ላይ ከደመወዝ ውጭ ለካፒታል፣ ማለትም ለግንባታና ለመሳሰለው የተያዘው ስንት እንደሆነ ፈልጉ። ከሊዝ ምን ያህል ገባ፣ ለምን ዋለ? ባለፈው ዓመት ያዋጣነው በበጀቱ ውስጥ ተመዝግቧል ወይስ የትም የለም? ከታቀደው ውስጥ ሳይሠራ የተመለሰ ገንዘብ አለ? እነዚህን ጥያቄዎች ሐምሌ ላይ ማንሣት ዋጋ የለውም፣ በጀቱ ጸድቋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ገና ዕቅዱ ሲረቀቅ፣ ከጎረቤት ጋር ተጠራርታችሁ ሂዱ።